ሁለት ሽማግሌ ይጨመር

ሰኞ

ዛሬ ተማሪዎቼ መልስ አሳጡኝ። ስለ አሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እያስተማርኩ ነበር፦ ዘጠኝ ዳኞች፣ እድሜ ልካቸውን የሚቀመጡ፤ አንዱ ሲሞት ወይም ሲለቅ በጊዜው ያለው ፕሬዚዳንት ምትኩን ያጫል። አንዳንዶች የዳኞቹ ቁጥር ይጨመር እያሉ ነው አልኳቸው። ሐያት እጇን አውጥታ፣ ይሳካላቸዋል ወይ አለችኝ። እኔ እንጃ! የሥነ ዜጋ መምህርት ተብዬ። እስከ ዓርብ አጣርቼ እመጣለሁ አልኩ።

ቤት ስገባ ሌላ ችሎት ጠበቀኝ። ጎረቤታችን አያ ሞላ፣ እናቴ ወደ ጌሾ ማሳዋ የምታልፍበትን መንገድ "ግቢዬ ነው" ብለው ካጠሩት ወዲህ ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። ሌላው መንገድ በገደሉ ዞሮ ነው፤ በእሷ ጉልበት አይሞከርም። መንገዱ ተዘጋ ማለት ለእማዬ ማሳው ቀረ ማለት ነው። ያለ ማሳዋ ቤት ስትውል ማሰብ አልፈልግም።

ማክሰኞ

አምስት ሽማግሌ ነው የተቀመጠው። ሁለት እኛ መረጥን፣ ሁለት አያ ሞላ መረጡ፣ አምስተኛውን መሪጌታን ተስማምተን ሰየምን። ፍርዱን ልንቀበልም ሁለታችንም ዋስ ጠርተናል። ዛሬ ወንድሜ ደሳለኝ ምን ትዝ ቢለው ጥሩ ነው? መሪጌታ ለአያ ሞላ ልጅ የክርስትና አባት ናቸው! ስንመርጥ የት ነበርክ አልኩት። ሦስት ለሁለት ተበልተናል፣ ሁለት ሽማግሌ ይጨመር ይላል። የሚጨመሩትንም አዘጋጅቷል፦ የአባታችን የአጎት ልጅና የገዛ አማቱ።

እውነቱን ልጻፍ። ሐሳቡ ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ሲያበሽቀኝ ዋለ። ያገኘሁት ይህን ነው፦ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር በሕገ መንግሥታቸው የለም። በተራ ሕግ ሊቀየር ይችላል፤ ድሮም ተቀይሯል። ታዲያ ለምን አይጨምሩም? ሁለቱም ምክር ቤቶችና ፕሬዚዳንቱ ባንድ ልብ መሆን አለባቸው፤ ይህ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ቢገኝም ይጨመር ከሚሉት ከራሳቸው ወገን የሚፈሩ አሉ። ዛሬ እኛ አራት ብንጨምር ነገ እነሱ ስድስት ይጨምራሉ ብለው።

ስለ አያ ሞላ አሰብኩ። እኛ ሁለት ብንጨምር እሳቸው ዝም ይላሉ? በእኛ በላስታ እንደሆነ ሽማግሌ አይጠፋም።

ዓርብ

ለሐያት፣ አሁን የሚሳካ አይመስለኝም፣ የነገውን ግን አላውቅም አልኳት። አልበቃትም። "መምህር፣ እርስዎ ቢሆኑ ይጨምሩ ነበር?" አለችኝ። ደወሉ አወጣኝ።

ለእማዬ የአሜሪካኖቹን ነገር አጫውቼ፣ ስለ እኛ ጭማሪ ጠየቅኳት። እኔ እግሬ እንዲያልፍ ነው የምፈልገው፣ ሽማግሌውን እናንተ ቁጠሩ ብላ ተኛች።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። ደሳለኝ ብድግ ብሎ ሁለት ሰው ይጨመርልን አለ። መሪጌታ ግን አልተቆጡም።

"ይጨመር። ሰባት ብንሆን እኔም ሸክሙ ይቀለኛል" አሉ። "ግን ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ነገር ይሁን። ይሄን የጀመርነው እኛ እንጨርሰው።"

ደሳለኝ እኔን አየ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። አያ ሞላም ጢማቸውን ነካኩ። ለሚቀጥለው ነገር ሁለት ሽማግሌ የሚፈልግ ሰው ከመሀላችን ጠፋ። ሐሳቡ ማንም ሳይቃወመው እዚያው ቀረ።

ከዚያ ፍርዱ ተሰማ። መንገዱ የአያ ሞላ ግቢ ነው፤ ከብት አይነዳበትም፣ ጭነትም በገደሉ ይዙር። እናቴ ግን እድሜ ልኳን በእግሯ ትለፍ። ከእሷ በኋላ ይዘጋል። የአያ ሞላ ሁለቱ ሽማግሌዎች አልተስማሙም። ሦስተኛ ሆነው ከእኛዎቹ ጋር የቆሙት መሪጌታ ናቸው። ደሳለኝ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ለምን እንደሆነ እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት በፊት እማዬን ወደ ማሳዋ ሸኘኋት። በሩን የከፈቱት አያ ሞላ ራሳቸው ናቸው። እንዴት አደርሽ አሏት፣ እግዜር ይመስገን አለች። ከዚያ ያለፈ አልተነጋገሩም። ለጊዜው ይህም ይበቃል።

ግቢውን እያቋረጥን፣ የነዚያ የአሜሪካኖቹ ነገር ምን ደረሰ አለችኝ። ገና ነው፣ ይጨመር የሚሉት አሁን በዳኛ ቁጥር የተበለጡት ናቸው አልኳት። ዳኞቹ እድሜ ልክ እንደሚቀመጡ፣ አገሩ ሁሉ ማን መቼ ይሞታል እያለ እንደሚያሰላም ነገርኳት። ቆም ብላ ሳቀች።

"እንግዲያ እንደኔው ሞታቸው የሚጠበቅ ናቸዋ" አለች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ክንዷን ያዝኩና፣ ድንጋዩን እያየሽ፣ ቀስ ብለሽ እርገጪ አልኳት።