ከሰማንያ እስከ መቶ አምስት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ መይሙና፣ አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ሙቀቱስ በረድ አለ? ጋሽ ሁሴንስ፣ ልጆቹስ፣ ሻይ ቤቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት፤ ዓይኗ ብቻ ደከም ብሏል። ደህና ነን ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ይዘገያል። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ሹፌሩ በድረዲን ጨዉን እዚህ አራግፎ ወደዚያ ሲመለስ በእጁ ይሰጥሻል። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

መርከበኛው እንዲሸጥለት አንቺ ጋ ስላስቀመጠው የካሜራ ሌንስ የጻፍሽው ደርሶኛል። «ያንተ ከሠላሳ አምስት እስከ መቶ አምስት ነው፤ ይሄኛው ከሰማንያ እስከ ሁለት መቶ ይላል። ታዲያ ከሰማንያ እስከ መቶ አምስት ያለውን ሁለቴ መግዛት አይሆንም ወይ? አንድ እህል በሁለት ጎተራ» ብለሻል። የነጋዴ ዓይንሽ አይስትም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሩቁን ያቀርባል፤ ለፎቶ ቤቱ ሥራ ግን ያለኝ ይበቃኛል። የመታወቂያ ፎቶ፣ ሙሽራ፣ የማኅበር ስብሰባ። ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ አነሣዋለሁ። «ይቅር» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ያስቀደደችኝ አስካለ ናት፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው ጎረቤታችን። ልጇን አለሙን በገበያ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ያዙት። ማሽላ ጭኖ ወጣ፤ አህያዋ ብቻዋን ተመለሰች። አሁን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ነው። እናቶች ወደ አጥሩ አይጠጉም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያያሉ። «መልኩን አንሥተህ ስጠኝ፣ አንድም ፎቶ የለኝም» አለችኝ። ፈራሁ። ቢሆንም አስካለን ይዤ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ፣ ካሜራውን በጋቢዬ ሸፈንኩ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አዞርኩና ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫንኩት።

የኛን አገር ጎረምሳ ታውቂዋለሽ። እናቱ ከሩቅ የምትለየው በጎፈሬው ነው። እነዚህን ግን በገቡ ማግስት ላጭተዋቸዋል። ሁሉም አንድ ራስ ሆነዋል። አስካለ ቁመቱን ገምታ «ያ፣ ግንቡን የተደገፈው» አለችኝ፤ እኔም በግምቷ አነሣሁ። ፊልሙ ላይ ፊቱ ከማሽላ ፍሬ ያንሳል። አጉልቼ ሳጥበው ጭጋግ የመሰለ ፊት ወጣ። ሳመችው። «ከሳብኝ» አለች። ከማርያም ሥዕል ሥር ሰቀለችው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቅቤ ሻጯ ሲቲ ፎቶ ቤት መጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋች። «አስካለ ቤት የተሰቀለው የኔ ልጅ ነው» አለችኝ። «በአቋቋሙ አወቅሁት፤ ሁልጊዜ ግራ እግሩ ላይ ያርፋል። አንተ ፎቶ አንሺ ነህ ወይስ ዕጣ አውጪ?» በሩን ልትከፍት ስትል ተመለሰች። «ለሷ እንዳትነግራት። ለኔም አንድ አጥብልኝ» አለች። አጠብኩላት። ሁለት ወረቀት አጥቁሬ በሦስተኛው ወጣልኝ።

አስካለ በየቀኑ ለሲቲ ልጅ ትጸልያለች። አለሙ እዚያው አጥሩ ውስጥ አለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አይወስዷቸውም ይባላል። ሁለት መቶው ቢኖረኝ ፊቱ ይለያል።

ግን ሌላም አለ። ባለፈው ማክሰኞ የቀበሌው ካድሬ መጣ። ፎቶ ሊነሣ መስሎኝ ወንበሩን ጠረግሁለት። አልተቀመጠም። ካሜራዬን ከነሌንሱ አነሣ፣ ቀለበቱን አዞረ፣ በመስኮቱ ወደ መንገድ አየበት። «ጓድ ይመር፣ ይሄ እስከ ምን ያቀርባል?» አለኝ። «እስከ ሰው ፊት» አልኩ። ሳቀ። «ከዚህ የሚረዝም አለህ?» አለ። «የለኝም» አልኩ። ቁጥሩን በደብተሩ ጽፎ ወጣ። ዋጃ ላይ አንድ አስተማሪ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ተገኘበት፣ ለወንበዴ ይሰልላል ተብሎ ከተወሰደ ሁለት ወር አልፎታል። የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። መኪና በሩ ላይ ሲቆም እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀምጣለሁ። «የለኝም» ያልኩት ያን ቀን እውነት ነበር። ሌንሱ የገባ ዕለት ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ መደራረቡን ደጋግሜ አሰብኩት። ከሰማንያ እስከ መቶ አምስት ባለው ሁለቱም የሚያነሡት አንድ ነው። የትኛው እንዳነሣው ማንም አይለይም፤ እኔም አልለይም። አንቺ ኪሳራ ያልሽው ቦታ ለኔ መሸሸጊያ ነው።

ላኪው። ጨው ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ይበላዋል፤ የተምር ቆርቆሮ ውስጥ ቅበሪው። አስቀድመሽ ቀለበቱ ላይ ሰማንያና መቶ የሚሉትን ትተሽ ከዚያ በላይ ያሉትን ቁጥሮች በጥቁር ቀለም አጥፊያቸው። ከፊት መስተዋቱ ዙሪያ የተጻፈውንም። ካድሬው ቢያገኘው «አሮጌው ቢሰበር መለዋወጫ ነው» እላለሁ። ቀለበቱን ከቀለሙ አሳልፎ ቢያዞረውስ? ለዚያ የምለውን ስፈልግ ቀኑ ይመሻል፤ እስካሁን አላገኘሁም።

ደፍሬ እንዳይመስልሽ። አስካለ ጠዋት በደጄ ስታልፍ «አለሙዬ መልኩ እንዴት ነው፣ አንተ በመስተዋቱ አይተኸዋል» ትለኛለች። እሷን ከካድሬው ይልቅ ፈራኋት።

ጋሽ ሁሴንን ሰላም በይልኝ፤ የሌንሱን ነገር ግን አትንገሪው፣ ልቡ አይችልም። ራህመትን ሳሚልኝ፤ የላከችው መሐረብ ለእናታችን ደርሷል። እናታችን «ዱዓዬ ከሁላችሁ ጋር ነው» ትላለች። ልጅሽ አህመድ አሥራ ስምንት ሞላው አይደል? ለዒድ ወደ ቆቦ እመጣለሁ ማለቱን በድረዲን ነግሮኛል። አይምጣ። ይልቅ ዛሬ ነገ ሳትይ እጁን ይዘሽ ፎቶ ቤት ውሰጂው። ከቅርብ ያንሡት።

ወንድምሽ ይመር
ቆቦ፣ የካቲት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.