ድምፁን የሰማሁ ዕለት

አንበሳሜ ላሉት ውድ እናቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ስልኩ አልገባ ቢለኝ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው ይህች ወረቀት ትድረስልኝ ብዬ ጻፍሁ። እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ቤት ተከራይቼ፣ ጧት ጧት ጣና ዳር ዳሩን በእግሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

«ምን ሥራ ነው የያዝሽው?» ብለውኝ ነበር። ሰው ቁጠባውን በሚያስቀምጥበት ድርጅት የሳይበር ደኅንነት ተለማማጅ ነኝ። በስልክና በኮምፒውተር አታለው የሰው ገንዘብ የሚወስዱትን ተከታትለን መንገዳቸውን እንዘጋለን። አሠልጣኜ አቶ ግሩም ከጎኔ ተቀምጠው እያሠሩ ያስተምሩኛል። «እጅሽ ፈጣን ነው» ይሉኛል፤ ልምምዱን ስጨርስ ሊያስቀጥሩኝ አስበዋል።

ባለፈው ሰሞን ወይዘሮ ውዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ እያለቀሱ መጡ። በቴሌግራም የተዋወቃቸው ሰው «እንደ እናቴ ነዎት» እያለ አባብሎ፣ ጥሪታቸውን ሁሉ ወስዶባቸዋል። የላከላቸውን ድምፅ አቶ ግሩም ከፍተው አሰሙኝ። ሰውየው ያገራችን ሰው ነው፤ እንደኛው «ሄድሁ፣ መጣሁ» ይላል። መጨረሻ ላይ ከቤታችን ውጭ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ የምርቃት ቃል ተናገረ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። አቶ ግሩምን «እንደገና ያሰሙኝ» አልኋቸው።

«ይኸ ሌባ ልብ የለውም ወይ?» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

አቶ ግሩም ግን «ሌባውስ ሌላ ነው» አሉ። ደላሎች የኮምፒውተር ሥራ አለ ብለው ያገራችንን ልጆች ሩቅ ምሥራቅ ይወስዷቸዋል አሉን፤ ፓስፖርታቸውን ቀምተው ግቢ ዘግተው ያሠሯቸዋል፤ ሰው ማታለል ያልቀናው ይገረፋል። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ የሰውየውን የቴሌግራም አድራሻ እንድዘጋ አዘዙኝ።

ከመዝጋቴ በፊት ልጽፍለት ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ? ብዘጋው ይገረፋል፤ ብተወው የሌላ ሰው እናት ታለቅሳለች። ወይዘሮ ውዴ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ እጄን እጄን ያያሉ። ዘጋሁት። አቶ ግሩም «ጎበዝ» አሉኝ።

ሰውየውን ፈልጉልኝ ልል ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር። «የት አገር እንዳለ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ፣ አላውቅም ብዬ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አድራሻ በመጣ ቁጥር ድምፁን ሳልከፍት እዘጋለሁ። ሌላ ምን ላድርግ፣ እናቴ?

ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ምናሴ የጠየቁኝን አልረሳሁም። ለሥራ ብሎ ባሕር ከተሻገረ ወዲህ ወሬው ስለጠፋ፣ «ሞቷል» የሚሉዎትን አይስሟቸው። ልጅዎ በሕይወት አለ። እንዴት አወቅሽ ግን አይበሉኝ። ያሰቡትን ተዝካርም ይተዉት፤ ለነፍሱ ሳይሆን ለሥጋው ይለምኑለት።

ምናልባት ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎ፣ የሚወዱት ድምፅ ገንዘብ ይላኩልኝ ቢልዎት፣ አይላኩ። ግን አይቆጡት። ስልኩንም ቶሎ አይዝጉበት። «በልተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁልኝ።

ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ሁሉ ትሰውርዎ፤ ከደጅዎ የወጣውን ሁሉ በሰላም ትመልስልዎ።

የምናሴ ታናሽ፣ ልጅዎ