በ37ኛው ሳምንት ከጉድጓድ ይወጣል ስለተባለው ሰው

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የዓመታዊ ዕቅድ ክፍል ኃላፊ፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው በማይገለጠው ቢሮ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? የሚሽከረከር ወንበር ወገብ ይጎዳል ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ በደረጃው ባለፉ ቁጥር አንጀቴ አይችልም። እኔም ማሽኑም ደህና ነን፤ ማሽኑ ብቻ ትንሽ ያስለዋል፣ ቀለም ባገኘ ማግስት ይሻለዋል። ይህች ደግሞ ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው መስኮት የለሽ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት የማባዛው ሴትዮ ነኝ፤ ያቺ ሲወርዱ "ማባዣ፣ ቶሎ በይ እንጂ!" እያሉ በፍቅር የሚጠሯት።

ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የመረጥኩት ለክብርዎ ብዬ ነው። በፖስታ ባሽገው ጸሐፊዎ "ገቢ" ከሚለው ሣጥን ትጨምረዋለች፣ ከዚያ ሣጥን ገብቶ የወጣ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አልታየም። ሰሌዳው ላይ ከሆነ ግን ለምሳ ሲወጡ ቆም ብለው ያነቡታል፤ እርስዎ ባያነቡትም ሌላው አንብቦ ይነግርዎታል፣ ያውም ጨምሮ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሰኞ ጠዋት የሚቀጥለው ዓመት የሰባተኛ ክፍል ሥነ ጽሑፍ ዕቅድ ይባዛ ተብሎ መጣልኝና አየሁት። ማየት ሥራዬ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ወረቀት ስደረድር ዓይኔን የት ላስቀምጠው? ራሴ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ስለሆንኩ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል የሚል ነገር ሳይ እጄ ቀስ ይላል። ልጅ ሆኜ ያመለጠኝን ትምህርት ከማሽኑ ሥር ገጽ በገጽ እየተከታተልኩ ስለሆነ፣ ከደመወዜ በተጨማሪ በነፃ ስላስተማሩኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼንም በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከዕቅድዎ ተረድቻለሁ።

1ኛ. በዕቅድዎ ውስጥ አንድ ሰው ጉድጓድ ገብቷል።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ትምህርት ቤታችን "ጉድጓድ ቆፋሪው" የሚባል ታሪክ አለው፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ በታይፕ የተመታ አንድ ዋና ቅጂ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በእርስዎ ቁምሳጥን ይቆለፋል። ታሪኩ በአምስት ተከፍሎ፣ በዕቅዱ መሠረት ሳምንቱ ሲደርስ አንድ አንዱ ክፍል በፊርማና በማኅተም ይመጣልኛል፤ አባዝቼ እመልሳለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ውኃ ለጠፋበት ሰፈር ሊቆፍር የወረደ አባት፣ ከላይ ደግሞ ገመዱን በግንድ ጠምጥማ የምትጠብቅ ልጁ። አንደኛው ክፍል በአራተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው በአሥራ አንደኛው፣ ሦስተኛው በአሥራ ዘጠነኛው፣ አራተኛው በሃያ ሰባተኛው። ዕንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሁን፣ ታገስን። አራተኛው ክፍል ግን እንዲህ ብሎ ያልቃል፦ "የጉድጓዱ አፍ ተናደ። ገመዱ ረገበ። ልጅቷም"

አለቀ። "ልጅቷም" ብሎ፣ ነጥብ እንኳ ሳይኖረው።

አምስተኛው ክፍል በዕቅድዎ የተመደበው በሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት ነው። ትምህርት ቤታችን የሚዘጋው በሠላሳ ስድስተኛው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው፣ ክቡር ሆይ። ይህ አንድ ዓመት ቢሆን የጣት ስህተት ነው ብዬ ባለፍኩ፤ አራት ዓመት ነው! በዓመት አርባ ስምንት ልጅ፣ በአራት ሲባዛ፣ ማባዛት እንጀራዬ ስለሆነ አልሳሳትም፣ መቶ ዘጠና ሁለት ልጅ አንድ አባት ጉድጓድ ውስጥ ትቶ ወደ ስምንተኛ ክፍል ተዛውሯል። በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛችን ሳይቀሩ፣ የተበላሸውን ቅጂ ለእሳቸው ስለምሰጥ፣ ጠዋት ስገባ እንደምን አደርሽ ማለት ትተዋል። "ልጅቷም?" ይሉኛል። "ምንም የለም ጋሼ" እላለሁ። "እሱስ ምን እየበላ ይሆን?" ብለው ይተክዛሉ።

2ኛ. ስለ ደቂቃ አከፋፈልዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አርባ ደቂቃውን "ማንበብ 6 ደቂቃ፣ መገረም 3 ደቂቃ፣ ቅጽ መሙላት 31 ደቂቃ" ብለው መድበዋል። መምህሩ ምስኪን፣ ልጆቹ "ቀስ በሉ" የሚሏቸው፣ ሰዓት ይዘው "በሉ መገረም አብቅቷል፣ ቅጹን አውጡ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳችን ስስ ነው። ሦስት ደቂቃ ያልበቃችው አንዲት ልጅ በአራተኛው ደቂቃ ስትገረም ተገኝታ ከክፍል ወጥታለች። የማን ልጅ እንደሆነች በኋላ እነግርዎታለሁ።

3ኛ. "ከተማሪዎቹ 85 በመቶው በታሪኩ ይደሰታሉ" የሚለውንም አሰላሁት። ከአርባ ስምንት ልጅ አርባ ነጥብ ስምንት ይመጣል። አርባዎቹ ይደሰቱ፣ እሰይ! አርባ አንደኛው ልጅ ግን ሙሉ ሰውነቱ ሳይሆን ስምንት አሥረኛው ብቻ እንዲደሰት ስለተፈቀደለት፣ የትኛው ክፍሉ ሳይደሰት እንደሚቀር ለወላጆቹ አስቀድሞ ቢነገራቸው መልካም ነበር። ባለቤቴ "እግሩ ይሆናል" ብሏል፤ እኔ ግን ጭንቅላቱ ነው ባይ ነኝ።

4ኛ. ይህን ጽፌው ነበር፤ ባለቤቴ አንብቦ "ይሄስ ያስከስስሻል" ብሎ ሰረዘው። ስለ መጋረጃው ነበር።

5ኛ. ዕቅዱ ካምናው፣ ያምናው ከካቻምናው እየተገለበጠ ቀኑ ብቻ እንደሚቀየር ሐሜት ይወራል፤ እኔ አላምንም። እርግጥ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረች ሦስት ዓመት የሆናት መምህርት እስከ ዛሬ ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እንደምታስተምር ተጽፏል። ይህ ግን የእርስዎን ቸርነት ነው የሚያሳየው፤ እኛ የረሳናትን እርስዎ አልረሱም።

6ኛ. አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። በሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት ፈተና ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ "የታሪኩን መጨረሻ ግለጽ" ይላል፤ በገዛ እጄ ነው ያባዛሁት። መጨረሻው የሚሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያውም በሌለው ሳምንት። ልጆቹ ምን ያድርጉ? አንዱ "ቆፍሮ ቆፍሮ በምድር ማዶ ወጣና ሱቅ ከፈተ" ብሎ ጻፈ። አንዷ "አልወጣም፣ የቤት ኪራይ ስለማይከፍልበት ተመችቶታል" አለች። የእኔዋ የመጨረሻ ልጅ፣ ያቺ ከደቂቃዋ በላይ የተገረመችው፣ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፦ "ልጅቷ ገመዱን አትለቅም።" የመልሱ ወረቀትዎ ደግሞ ለዘጠነኛው ጥያቄ "መልስ፦ በ37ኛው ሳምንት ይገለጻል" ስለሚል፣ መምህር "ቀስ በሉ" ለአርባ ስምንቱም ዜሮ ሰጡ።

ክቡር ሆይ፣ ይህችን ልጅ አያውቋትም። ሰፈር "ጋዜጣ" ነው የሚላት፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ ስኳር የተጠቀለለበት ቁራጭ፣ የአውቶቡስ ጀርባ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ነበር። ከዚያ ዜሮ ወዲህ አታነብም። ታላቅ እህቷ አዲስ መጽሐፍ ተውሳ ብታመጣላት ሳትገልጠው መለሰችው፤ "ምን ያደርግልኛል እታለም፣ መሃል ላይ ሊተዉኝ ነው" አለቻት። ይቺን ቃል ስሰማ ድስቱን እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። እኔም ሰባተኛን ሳቋርጥ በልቤ እንዲሁ ነበር ያልኩት፤ ተናግሬው ግን አላውቅም።

በሃያ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ደረጃውን ወጥቼ ቢሮዎ መጥቼ እንደነበር ያስታውሳሉ? አምስተኛውን ክፍል ቀደም ብለው ይልቀቁልን፣ ካልሆነም እኔ ብቻ አይቼ ለልጆቹ ልንገራቸው ብዬ ለመንኩ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ እየተሽከረከሩ ግን፣ "ማባዣ፣ የአንቺ ሥራ የታዘዘውን እንደታዘዘ ማባዛት ነው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታስቢ" አሉኝ። ግልጽ መመሪያ ነው። ቤቴ ወስጄ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ እሱ አናጺ ነውና ነገር በልክ ነው የሚናገረው፦ "ጉድጓድ የገባ ሰው በገመድ እንጂ በዕቅድ አይወጣም" አለ።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። በአዲሱ ዕቅድ ላይ "37" የሚለውን "28" ያድርጉልን። አንድ ቁጥር ነው፤ እስክሪብቶ ከሌለዎት የእኔን አውሳለሁ። ለሚመጡት አርባ ስምንት ልጆች ይሆናል፤ የእኔዋማ አልፋለች፣ ለእሷ የሚሆን ሳምንት በዕቅድዎ ውስጥ የለም።

ወረቀት እንድንቆጥብ ስላወጡት መመሪያ፣ አንድ ፊቱ የተጻፈበትን ሁሉ በጀርባው እንድንጠቀም ስላስተማሩን፣ በዚህም ደብዳቤዬን ባረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባ እንድጽፍ ስላስቻሉኝ፣ ስለ ሦስቱ የመገረሚያ ደቂቃዎች፣ እንዲሁም ከማሰብ ችግር ስለገላገሉኝ እግዜር ያክብርልኝ። ወንበርዎ ዘይት አይጣ፣ ማኅተምዎ ቀለም አይንጠፍበት፣ መጋረጃዎን ነፋስ አይድፈረው።

የታዘዘችውን እንደታዘዘች የምታባዛው፣
ከደረጃው ሥር ያለችው፣
የ"ጋዜጣ" እናት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የሰሌዳ ማጣበቂያ ስላልተፈቀደልኝ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ በመሃሉም ሥራ መሥራት ስላለብኝ ዕቅድዎን ማሽኑ ላይ አደረግሁት። ለካ እርስዎም መመሪያዎን አክባሪ ነዎት! ዕቅዱ የታተመው ባሮጌ ወረቀት ጀርባ ነው። ቁምሳጥኑን ከፍቶ ያገኘውን አሮጌ ወረቀት ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች ብገለብጣቸው ግን በታይፕ የተመታ ነገር አለ፣ አምስተኛው ክፍል! ቁጭ አልኩ። ወንበር ስለሌለኝ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ ተነስቼ ማዘዣዎን በድጋሚ አነበብኩ። "ለወላጆች በሙሉ፣ ሦስት መቶ ቅጂ፣ በሁለቱም ገጽ ይባዛ፣ ከዋናው ምንም አይጨመር፣ አይቀነስ" ይላል። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። እኔ ማን ነኝና ማኅተም እሽራለሁ? አላሰብኩም። አባዛሁት። ማሽኑም፣ ይመኑኝ፣ አንዴ እንኳ አላሳለውም። ጋሼ ዘበኛው ለምዝገባ ለመጣው ወላጅ ሁሉ በሩ ላይ ሲያድሉ ዋሉ፤ "ፊቱን ተዉት፣ ጀርባውን!" እያሉ።

እኔም ወላጅ ነኝና አንድ ቅጂ ቤቴ ወሰድኩ። "ጋዜጣ" የትምህርት ዕቅድ ነው ስላት ፊቷን አዞረች፤ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩላት። የመጀመሪያዋን መስመር ጮክ ብላ ስታነብ እህቷም አባቷም ሥራቸውን ትተው ቆሙ፦ "ገመዱን አልለቀቀችም።" የቀረውን እየሮጠች አነበበችው፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ በድጋሚ፤ ከዚያ ያንን ሳትገልጠው የመለሰችውን መጽሐፍ ለመዋስ ወጣች። ስለዚህ በዘጠነኛው ጥያቄ የተነፈገችው ነጥብ እንዲመለስላት በትሕትና እጠይቃለሁ። ለአርባ ሰባቱም ይመለስላቸው፤ በተለይ ሱቅ ላስከፈተው ልጅ፣ ብዙ ደክሟል።

አባትየው ወጣ ወይስ አልወጣም የሚለውን እዚህ አልጽፍም፤ የእርስዎን ሥራ መሻማት ይሆንብኛል። አንድ ቅጂ ግን በጸሐፊዎ በኩል ልኬልዎታለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን ወንበርዎ ላይ እንድታደርገው ለምኛታለሁ። ገልብጠው ያንብቡት። ስድስት ደቂቃ ይበቃዎታል፤ ለመገረም ደግሞ ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶልዎታል።