ድልድዩ ሥር አሥራ ሦስት ደረጃ

ጥር 14

ሙቀት። የቢሮው መስኮት ዛሬም አልከፈት አለ። የዓመቱን የተፋሰስ የውሃ ሚዛን ጀመርኩ... ያው ነው። የዘነበው በአንድ በኩል። የተነነው፣ ሰው የቀዳውና ወንዙ ይዞት የወጣው በሌላ በኩል። ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ድሮ ይህን ለአባዬ ሳስረዳው፣ "እና አንድ ወንዝ ለመቁጠር ይሄን ሁሉ ዘመን ተማርሽ?" ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜ "ወረቀቷ" ሆኖ ቀረ።

እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ድልድዩ ሥር ወርዶ የውሃውን ከፍታ በሳንቲ ሜትር አንብቦ ጽፏል። እኔ የጻፈውን እደምራለሁ። አባትና ልጅ ላንድ ወንዝ ተቀጥረን...

ጠዋት ሻይ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጪ አፈሰሰ። "እጄ ነው" አለ። እርጅና ነው መቼስ።

ጥር 17

አልገጥም አለኝ። የወጣው ከገባው በለጠ። ሦስት ጊዜ ደመርኩ፣ ያው። ዝናቡ አምናም ዘንድሮም አንሷል። ወረቀቱ ግን ወንዙ በበጋ ሞልቶ ይፈሳል ይላል። ከየት መጥቶ?

ለአለቃዬ ለኢንጂነሩ አሳየሁት። "ከመሬት ሥር የሚመነጭ ነው በይና ዝጊው።"
"አምናም እንዲህ ብለን ነው የዘጋነው።"
"ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ሳቀ።

ከድልድዩ በላይ ያለው ትልቅ እርሻ ከወንዙ ለሚስቡ አራት ትልልቅ ፓምፖች ፈቃድ ጠይቋል። የካቲት 12 ይወሰናል። በበጋ ትርፍ ውሃ ካለ ይሰጠዋል። ትርፉ አለ የሚለው ደግሞ የእኔ ወረቀት ነው።

ጥር 18

እህቴ ደወለች። ታችኛው ከተማ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆኗል። ቧንቧቸው የሚቀዳው ከዚሁ ወንዝ ነው። "ሦስቱንም ልጆች በአንድ ባልዲ አጥቤ፣ በዚያው ቤቱን ወለወልኩበት። አንቺ እዚያ ቢሮ ተጎልተሽ ምን ትሠሪያለሽ?" ለቀልድ ነው ያለችው። መሳቅ አቃተኝ።

ትርፍ ካለ እሷ ጋ ለምን አይደርስም?

ጥር 21

መዝገብ ቤት ገባሁ። የአባዬን የወር ቅጾች አወጣሁ፣ በገዛ እጁ የጻፋቸውን። እስከ ዛሬ የማየው የተተየበውን ነበር።

ድሮ፦ 47፣ 52፣ 39፣ 46።
ከሦስት ዓመት ወዲህ፦ 50፣ 60፣ 50፣ 50፣ 40።

ሁሉም በዜሮ ያልቃል። ወንዝ እንዲህ ክብ ክብ ቁጥር አያውቅም። ጽሕፈቱ ራሱ ተለውጧል። ቁጥሮቹ ትልልቅ፣ ከመስመሩ የወጡ። እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጥኩ።

ግን ሚዛኑ አልገጥም ያለው ከካቻምና ወዲህ ነው። ዜሮው ደግሞ ከሦስት ዓመት። አንድ ዓመት ይለያያሉ። ለምን?

ጥር 22

ልጠይቀው አፌ ላይ መጣ። መለስኩት።

ጥር 24

ጠዋት ተከተልኩት፣ እንደ ሌባ። መለኪያው ሰሌዳ ውሃው ውስጥ ቆሟል፣ ቁጥሩ ደህና ይነበባል። አባዬ ዞር ብሎም አላየው። ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳውን በእጁ ይዞ፣ በድንጋይ ደረጃው እየቆጠረ ወረደ። "አንድ... ሁለት... ሦስት..." እግሩ ውሃ እስኪነካ። ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ዳሰሰ። ከዚያ ደብተሩን ዓይኑ ላይ ሊለጥፈው ደርሶ ጻፈ።

"ማነው?"
"እኔ ነኝ።"
"ወረቀቷ... ከመቼ ጀምረሽ ነው የቆምሽው?"

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገረኝ። የዓይን ሞራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሰሌዳው ቁጥር ጠፋው። ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ እያንዳንዱ ሃያ ሳንቲ ሜትር። እግሩ ከላይ ሲቆጠር ስንተኛው ላይ እንደራሰ ካወቀ ከፍታውን ያውቃል። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ከደረሰ አሥር ይጨምርበታል። "አንድ ቀን አልቀረሁም እኮ!"
"አልቀረህም፣ አባዬ።"

እሱ ቀድሞኝ ወጣ። ደረጃውን ቆጠርኩት፣ ውሃው ውስጥ ያለውንም ጨምሬ። አሥራ ሦስት። ደገምኩት። አሥራ ሦስት። ካቻምና መንገዱን ሲያሰፉ የላይኛው ደረጃ አስፋልቱ ሥር ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ውሃው ጋ በአንድ ደረጃ ቀድሞ ይደርሳል። ወንዙ በሃያ ሳንቲ ሜትር የሞላ ይመስለዋል።

ደብተሩ ዛሬ 50 ይላል። ሰሌዳው 31።

ጥር 25

ሃያ ሳንቲ ሜትር በክረምት ከቁም ነገር አይገባም። በበጋ ግን ወረቀቱ ላይ የሚፈሰው ውሃ ከእውነተኛው እጥፍ ነው። ፓምፖቹ ሊጠጡት የቋመጡት የሌለ ውሃ ነው። ከተፈቀደላቸው ታችኛው ከተማ የሚደርሰው እርጥብ አሸዋ ነው። እህቴ። ሦስቱ ልጆች።

ብናገርስ? ሠላሳ አንድ ዓመቱ ገደል ገባ። "ያ ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ" ሊሉት ነው።

አብሬው እየኖርኩ እንዴት አላወቅኩም? ሻዩ ሲፈስ እያየሁ! ራሴን ጠላሁት።

ጥር 29

ነገርኩት። ምሳ ላይ።
"አሥራ ሦስት ነው፣ አባዬ።"
"አሥራ አራት ነው።"
"አንዱ አስፋልቱ ሥር ገብቷል።"
ማንኪያውን አስቀመጠ። "ስንት ብዬ፣ ስንት ነበር?"
"ሃምሳ ብለሃል። ሠላሳ አንድ ነበር።"
ተነስቶ ክፍሉ ገባ። በሩን ዘጋው።

የካቲት 3

አያናግረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ድልድዩ ጋም አልሄደም። ደብተሩ ላይ ባዶ መስመሮች... በሠላሳ አንድ ዓመት መጀመሪያ። ሰሌዳውን የማነበው እኔ ነኝ። 30። የእሱ ደብተር ላይ ለመጻፍ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። መዳፌ ላይ ጽፌ ወደ ቢሮ።

የካቲት 9

"ወረቀት አምጪና ጻፊ" አለኝ። ድንገት፣ ልወጣ ስል።

ቃል በቃል ይኸው፦ "ካቻምና መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ያለው ንባብ አንድ ደረጃ መጉደሉን ሳላውቅ በእግሬ የለካሁት ነው። ሃያ ሳንቲ ሜትር ይቀነስ። ከዚያ በፊት በዜሮ የሚያልቀውም ግምት ነው። ሌላው ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው።"

"አባዬ፣ ይሄ እኮ..."
"አውቃለሁ። እኔ ባፍር ይሻላል፣ ልጆቹ ከሚጠሙ። አሁን አንብቢልኝ። ሁለቴ።"

ልጅ ሳለሁ ድልድዩ ሥር ሲወስደኝም ሁለቴ ነበር የሚያስነብበኝ። አንዴ ለወንዙ፣ አንዴ ለወረቀቱ እያለ። ሁለቴ አነበብኩለት። ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ።

የካቲት 12

ስብሰባ። ቃሉን አነበብኩ።
ኢንጂነሩ ቀላ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ማየት በማይችል ሰው ስናስለካ ነበር ልትዪን ነው?"
"አዎ። አንዳችንም ወርደን ስላላየን።"

ሃያውን ቀንሼ የሠራሁትን አሳየሁ። ሚዛኑ ገጠመ። ትርፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ዓመት በሰሌዳው እስኪለካ ድረስ ፈቃዱ ታገደ። ማንም እሰይ አላለም። የእርሻው ሰው ሲወጣ ገላምጦኝ አለፈ።

አባዬን አሰናበቱት። በሁለት መስመር ደብዳቤ። እኔው ይዤለት ሄድኩ፣ እኔው አነበብኩለት። "ደህና" አለ፣ ሌላ የለም። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

መጋቢት 6

እህቴ ደወለች። ውሃው አሁንም ሁለት ቀን ነው። "ሁለቱም አልቀረብንም፣ ይመስገነው" አለች። ለአባዬ ዓይን ቀጠሮ አግኝተናል፣ ለግንቦት። ሐኪሙ አንዱ ዓይኑ ተስፋ አለው ብሏል። ሻይ አሁን እኔ ነኝ የምቀዳው።

ሌላ ሰው እስኪቀጠር ንባቡ ለእኔ ተሰጥቷል። አባዬ አሁን በየጠዋቱ አብሮኝ ይመጣል። ማንም አላዘዘውም። ላይ አስፋልቱ ጠርዝ ይቆማል፣ የተቀበረው ደረጃ አናት ላይ። ዛሬም...

"ስንት?"
"ሃያ ስምንት።"
"ደግመሽ እዪ።"
"አባዬ፣ ረፈደብኝ።"
"ሁለቴ አልኩሽ።"

እያጉረመረምኩ ጎንበስ አልኩ። ውሃው እስኪረጋ ጠበቅኩ።

"ሃያ ሰባት ነው" አልኩ።
"ጻፊው" አለኝ። ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ደረጃውን ስወጣ ወደ ታች ዘረጋልኝ።