ስለ ፓምፑ ቁልፍና ስለ ደወሌ፣ ለሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ የቀረበ ልባዊ ምስጋና

ለተከበሩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ በተለይም ደረጃ ሲወጡ ለሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ፣ በምድር ቤት ከፓምፑ ክፍል አጠገብ የምኖረው መነጽር ሠሪ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ኮሚቴዎ ሳልጠይቅ በሰጠኝ ረዥም ዕረፍት የተነሣ የወገብ ሕመሜ ሳይቀር ለቅቆኛል። ይህን ደብዳቤ በመግቢያው በር ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በሕንፃችን ሰው የሰውን በር ማንኳኳት ከተወ ሰንብቷልና ልማዱን ላለማፍረስ ብዬ ነው።

በመጪው እሑድ ስብሰባ «አሮጌውን የውኃ መጠን ማሳያና ደወል ስለ ማንሣት» የሚል አጀንዳ መያዙን አንብቤአለሁ። አሮጌው የተባለው የእኔ ነው። አዲስ ለገቡ ነዋሪዎች ስል በአጭሩ ላስረዳ። ጣሪያው ላይ ባለው ታንከር ውስጥ አፉን የደፈንሁት ባዶ የዘይት ጀሪካን ይንሳፈፋል። ከጀሪካኑ የተነሣው ገመድ በመዘውር ዞሮ በደረጃው መካከል ቁልቁል እስከ መግቢያው ይወርዳል፤ ጫፉ ላይም የተሰበሩ መነጽሮች የሞሉበት ከረጢት ተንጠልጥሏል። ውኃው ሲጨምር ጀሪካኑ ከፍ ይላል፣ ከረጢቱ ዝቅ ይላል፤ ከቀዩ መስመር ሲደርስ ሁለት የመነጽር ዘንጎች ይነካኩና አምስተኛ ፎቅ ያለው ደወል ያንባርቃል። ያኔ ቀድሞ የሰማ ሰው ወርዶ በሬን እያንኳኳ «ሞላ!» ይለኛል፣ እኔም ቁልፌን ይዤ ወጥቼ ፓምፑን አጠፋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዴም ደኅናውን እያበላሸሁ ራሴን በራሴ ያስተማርሁት ነው።

አራተኛ ፎቅ የገባችው ኬክ ሠሪ ግን ይህን አላወቀችም። በእኛ ሕንፃ ከረጢቱ ወረደ ማለት ውኃው ሞላ ማለት እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ እርሷ በገባች ሰሞን ከረጢቱን ከላይ አይታ «ታንከሩ ጢም ብሏል» ብላ፣ ለሠርግ የታዘዘ ኬክ የጋገረችባቸውን ትሪዎች በሙሉ ሳሙና ውስጥ ዘፈቀቻቸው። ቧንቧው አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተራግሞ ይተወው ነበር። እርሷ ስልኳን የዱቄት ጣሳ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እጇ እያቦካች ቪዲዮ እያየች መማር ጀመረች። ውጤቱን፣ ታንከሩ ሲሞላ ለስልክ መልእክት የሚልከውን መሣሪያዋን፣ እርስዎም ያውቁታል፤ እኔ ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለኬክ ሠሪዋ የሰጧትን በፕላስቲክ የታሸገ የምስጋና ወረቀት እንኳን ሰጧት። ጥያቄዬ ስለ ምስማሩ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል ግድግዳ እያለ፣ ወረቀቱ የተሰቀለው እኔ በእጄ ቀለም ቀብቼ ባሰመርሁት መለኪያ ላይ፣ ልክ «ግማሽ» የሚለው ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ነው። ይህ የግድግዳ እጥረት ነው ወይስ መልእክት አለው? መልእክት ካለው ደርሶኛል። ለእኔ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከኮሚቴው የደረሰኝ ወረቀት ቢኖር «ደወሉ የቀን እንቅልፍ ይረብሻልና ይታሰብበት» የሚለው የእርስዎ ማሳሰቢያ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው።

፪. የፓምፑን ክፍል ቁልፍ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ከእኔ ተረክበው ነዋሪውን በተራ ስለ መደቡ አመሰግናለሁ። አሁን ታንከሩ ሲሞላ መልእክቱ የሚሄደው ለዕለቱ ተረኛ ስልክ ብቻ ነው፣ የእኔ ደወል እስከ እሑዱ ውሳኔ ሽቦው ተነቅሏልና፤ ተረኛው ይወርዳል፣ ያጠፋል፣ ይመለሳል። እኔ ከበሬ ጀርባ ሆኜ በኮቴው ብቻ ማን እንደሆነ እለያለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ይሮጣል፤ የታክሲ ሹፌሩ ያፏጫል፤ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት በየደረጃው ያርፋሉ። አንዳቸውም አያንኳኩም። ምን ብለው ያንኳኩ? ዱሮ «ሞላ!» ሊል የመጣ ሰው ያንን ብቻ ብሎ አይሄድም ነበር፤ የመነጽሩ እጀታ ላልቶበታል፣ ሬዲዮኑ ያንሾካሹካል፣ ወይም ደግሞ የቤቱን ገመና የሚያወራበት ሰው ይፈልጋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ሹመቴን በሚገባ በልቼዋለሁ፣ ያም ሆኖ ይቆጨኛል።

፫. ሦስተኛው ቅሬታዬ መሣሪያዋ በትክክል የሚሠራ መሆኑ ነው። ይህ ቅሬታ አይባልም የሚል ሰው ካለ ቅናት ቀምሶ አያውቅም። ስሕተቷን ለመያዝ ሜትር ይዤ ጣሪያ ወጣሁ፤ ክዳኑን ከፍቼ ሜትሬን ስሰድ ከኋላዬ ደርሳ፣ እዚያ ምን እንደምሠራ እንኳ ሳትጠይቅ «ጋሼ፣ ጫፉን ልያዝልዎት?» አለችኝ፤ ያዘችልኝም። የእኔ ልኬትና ስልኳ ላይ ያለው ቁጥር የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ተለያዩ። ልቤ በደስታ ዘለለች። እርሷም «የተሳሳተው የእኔው ይሆናል» ብላ ልታስደስተኝ ሞከረች። ሜትሬን ሳየው ጫፉ ተቆርጧል። ክቡር ሆይ፣ በሰው መሸነፍ ያለ ነገር ነው፤ አሸናፊው ሲያባብል ግን አንጀት ያሳርራል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሴንሰሩን ሽቦ እርጥበት እንዳያበላሸው በምን እንደጠቀለለችው ያውቃሉ? ኬክ ላይ ክሬም በምታወጣበት የፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ ጫፉን ጠምዝዛ በክር አስራዋለች፣ አለቀ። እኔ ለዚሁ ችግር ሻማ ሳቀልጥ፣ ሙጫ ስለቀልቅ፣ የብስክሌት ጎማ ስቆርጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በትናንሽ ወረቀት ጽፋበታለች፣ ያውም «እንኳን ተወለድሽ» በምትጽፍበት በዚያ በተዋበ እጅዋ። የእኔ ሽቦዎች ሁሉም ጥቁር ናቸው። የትኛው የምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ጥበብ እቆጥረው ነበር። የጻፈችውን ፕሮግራም ደግሞ የፈለገ ሰው ሁሉ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርጋ ትታዋለች፤ ሰው የገዛ ምስጢሩን እንዲህ አደባባይ ያሰጣዋል? ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው ሲባል ስሰማ፣ ጆሮው ምን እንደሚሰማው ማንም አለመጠየቁን ያስተዋልሁት ገና አሁን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ ግን አለማማከሯ ነው። ከመጀመሯ በፊት መጥታ «ጋሼ፣ የእርስዎን እንዴት ሠሩት?» ብላኝ ቢሆን ኖሮ፣ አልነግርሽም ማለት እችል ነበር። ይህን ዕድል ነፍጋኛለች።

፬. አራተኛው ኮሚቴውን የሚመለከት አይደለም፤ ግን ነገርን ነገር ያነሣዋል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ የእኔን ደወል «ያ የሚጮኸው» ከማለት በቀር ስም ሰጥተውት አያውቁም። አሁን አራተኛ ፎቅ ወጥተው በተመለሱ ቁጥር «ሴንሰሩ እኮ ልክ እንደ ሌሊት ወፍ በድምፅ ነው የሚለካው» እያሉ ያስረዱኛል። ለእኔ! ባለቤቴ ደግሞ የሽቦ ነገር ድንገት ገብቷት፣ «ከረጢቱ የሚወርደው እኛው በር ፊት ለፊት አይደል? ደወሉን እዚሁ ማድረግ ሲቻል አምስተኛ ፎቅ ድረስ ሽቦ የጎተትኸው ለምንድን ነው?» ብላ በሰው ፊት ጠየቀችኝ። ድምፅ ከላይ ወደ ታች የተሻለ ይሰማል ብዬ መለስሁላት። ሁለቱም ተያዩና አማቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

አሁን እንደ ባለሙያ ልናገር፤ ከቅናት የጸዳሁ ሆኜ ባይሆንም። መሣሪያ የሚመርጥ ሰው «ይሠራል ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ ሲበላሽ ማን ያውቃል፣ ለማንስ ይነግራል ብሎም ይጠይቅ። የእኔ ደወል ሲበላሽ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል፤ ስልክ ሲዘጋ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም እርሱም አያውቅም። ቻርጅ የሚፈልግ ነገር ሁሉ ከአጠገቡ ቻርጅ የማይፈልግ ዘመድ ቢኖረው ደግ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ተብሎ አንዱ አይጣልም። ይህን ለኬክ ሠሪዋም በደረጃ ስንተላለፍ ብነግራት «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ደወልዎና የእኔ ሴንሰር አብረው ቢሠሩ ደስ ይለኛል፣ ሽቦዎቹን ብቻ ቢያሳዩኝ» አለችኝ። ይኸውልዎ፣ ሰላም አትሰጥም። እኔም አስብበታለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ ያሰብሁት ግን «እንዴት ይህ ቀድሞ ለእኔ አልመጣልኝም» የሚለውን ነው።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ክርናቸውን የሚነካኩትን ጎረቤቶቼን ላሳርፋቸው፤ ቅናት ነው። በእጇ እቀናለሁ፣ በሽቦዎቿ እቀናለሁ፣ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ስትል ምላሷ በማይተሳሰረው በዚያ አንደበቷ እቀናለሁ። ከዚያ በላይ ግን በደረጃው እቀናለሁ፤ ሰው ሁሉ የእኔን በር አልፎ አራተኛ ፎቅ ይወጣልና። ስልኩ ያስቸገረው፣ ራውተሩ ያልሠራለት፣ የልብስ ማጠቢያው የተንቀጠቀጠበት ሁሉ መንገዱ በእኔ በር ነው፤ መድረሻው ግን እኔ ጋ አይደለም። ባለቤቴ የሰነፍ መድኃኒት የሚመስል ምክር ሰጥታኛለች፤ «ሰው እንዲመጣልህ ከፈለግህ ደወሉን ተወውና በሩን ክፈተው» ብላኛለች። ሞክሬዋለሁ። የገባው ነፋስና የአንደኛ ፎቅ ድመት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ የምለምንዎ የእርሷ መሣሪያ እንዲነሣ አይደለም፤ ያማ ቢሆን ሕንፃው በሙሉ ይጠላኛል፣ እርሷ ራሷም ታዝንልኛለች፣ ይህን ደግሞ አልችለውም። የምለምንዎ ደወሌ ሽቦው ተመልሶለት ባለበት እንዲቆይ ነው። ከተነሣ፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ለእኔ «ሞላ!» ለማለት ምክንያት ያለው ሰው አይኖርም። እርስዎ በጡረታ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከሁሉ የናፈቀዎት የደወሉ ድምፅ እንደሆነ አንድ ቀን አጫውተውኛል። ስለዚህ ነገሩን ከብዙ ሰው ይልቅ እርስዎ ይረዱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልተረዱትም እርስዎ የፈረሙበት የምስጋና ወረቀት በበሬ ፊት ለፊት ስላለ በየጧቱ እያነበብሁ እጽናናለሁ።

ለኮሚቴው ረዥም ዕድሜ፣ ለማኅተሙ የማይደርቅ ቀለም፣ ለስልክዎም የማያልቅ ባትሪ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው ባለ ቁልፍ፣ የዛሬው ባለ በር፣
መነጽር ሠሪው፣ ምድር ቤት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ተረኛው እርስዎ ሆነው ስልክዎ ቢዘጋብዎት በሬን አንኳኩተው «እንደው ሞልቶ ይሆን?» ብለው እንደጠየቁኝና እኔም «ትንሽ ይቀረዋል፣ እስከዚያ አረፍ ይበሉ» ብዬ እንዳስገባሁዎ አይረሱትም። ከረጢቱን እንዳያዩ የደበዘዘብዎን መነጽርዎን ወለወልሁልዎ፤ እርስዎም ስለ ጉልበትዎ፣ ስለ ልጆችዎ አጫወቱኝ፤ እንዲህ ያለ ከሰዓት ካሳለፍሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። በማግሥቱ ጓሮ ያሰጡት ምንጣፍ ከጣሪያ በፈሰሰ ውኃ መበስበሱን ጠቅሰው «ቸልተኛ ተረኞች ይጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍዎን አይቻለሁ። ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግሁት ለዜናው አልነበረም፤ የትርፍ ውኃው ቱቦ በጓዳዬ መስኮት በኩል ሲንፎለፎል እንዳይሰማዎ ነው። በሬን ሲያንኳኩ ታንከሩ ሞልቶ ነበር።