ጠፍታ ሳለች «ተገኝታለች» ስለተባለችው የእህቴ ልጅ

ለክቡር የኮሌጁ ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ስለ ጤንነትዎ በመጠየቅ ጊዜዎን አላባክንም። አምስት ጊዜ ከቢሮዎ በር መጥቼ፣ አምስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ ደህና መሆንዎንና ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስላረጋገጡልኝ፣ ከራሴ ቤተሰብ ይልቅ ስለ እርስዎ ደህንነት የተሟላ መረጃ አለኝ። ስብሰባው ያለ ድካም እንዲጠናቀቅልዎ እመኛለሁ።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም ሙያውንም የተማርኩት እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው። ጉዳዬ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎ ስለሆነችው የእህቴ ልጅ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የተሰበረ መነጽሯን ለማሠራት ከማደሪያዋ ወጣች፤ መነጽር ቤቱ ግን አልደረሰችም። ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኗ ነው።

፩ኛ. በቅድሚያ ለፈጣኑ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ስልኳ አልሠራ ብሎን አርብ ዕለት እኔና እናቷ ልጃችን ጠፋች ብለን ስንመጣ፣ ማደሪያው ለዘመድ ክልክል ነው ተባልን፤ ሬጅስትራርዎ ግን መዝገብ ገልጦ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በአሥር ደቂቃ ሰጠን። ወረቀቱ «ተማሪዋ እስከ ትናንት ሐሙስ ድረስ በሁሉም ክፍለ ጊዜ ተገኝታለች» ይላል። እህቴ ንባብ ብዙም አይሆንላትም፤ ዓይኗ የያዘው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን ሳመችው። ስልኳን አውጥታ ለታላቅ እህታችን «ተገኝታለች» አለቻት። ቃሉ በእናንተ ቤት ክፍል ገብታ ተቀምጣለች ለማለት እንጂ በእኛ ቤት እንደሚባለው እንዳልሆነ፣ ደረጃው ላይ አስቀምጬ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ብዙ የተቃጠለ ነገር ፈትቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሥራ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

፪ኛ. ፖሊስ ጣቢያውም ወረቀትዎን በአክብሮት ተቀበለው። በየቀኑ የምትማር ልጅ አልጠፋችም፣ ምናልባት እሷ ተቀይማችሁ ይሆናል ብለው ሸኙን። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ልጅ «አርፋጇ» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። በደህናው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሳትቀር የማትውል ልጅ፣ በወረቀትዎ መሠረት ከጠፋች ወዲህ አንድም ክፍለ ጊዜ አላመለጣትም። በዚህ የሚገረም አንድ ሰው ከግቢዎ መታጣቱ ይደንቃል።

፫ኛ. በተከታዩ ሐሙስ ከተማሪዎቹ ጋር ተደባልቄ ገባሁና ከክፍሏ የኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መምህሩ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ስም ጠሩ። የእሷ ስም ሲደርስ አንዲት ልጅ «አቤት» አለች። ሳላስበው ብድግ አልኩ። አብራት የምታድረው ጓደኛዋ ነበረች፤ ስትመለስ ከፈተና እንዳትታገድ ብላ ነው የምትመልስላት። ማክሰኞ መውጣቷን የነገረችንም እሷ ናት። ረቡዕ ጠዋት ለማደሪያው ተቆጣጣሪ አመልክታ፣ ሳምንቱ ይለቅና ነይ ተብላ ነበር። ኮሌጅዎ ነገሩን እንደሰማ አልዘገየም፤ ጓደኛዋን በማጭበርበር ለሁለት ሳምንት አገዳት። መምህሩ ቀና ብለው እንዲጠሩ ግን እስካሁን አልታዘዙም።

፬ኛ. የግቢው በር ላይ ካሜራ አለ። ከበሩ ወደ ግራ መነጽር ቤቱ ነው፤ ወደ ቀኝ የአውቶቡስ መናኸሪያው። ወዴት እንደታጠፈች ካሜራው አይቷል። ማሽኑን ስመለከተው ዓይነቱን አወቅሁት፤ በየሰባት ቀኑ በአሮጌው ላይ ደርቦ የሚቀዳ ነው። አርብ ዕለት ያንን ወረቀት ይዘን ስንወጣ ማክሰኞ ገና እዚያው ውስጥ ነበረች። እኔ ማሽኑ ዘንድ ስደርስ ግን ሰባቱ ቀን አልፎ፣ አንዲት ድመት ግቢውን ስታቋርጥ ብቻ አየሁ።

፭ኛ. ማኅበረሰቡ ያሳየንን አጋርነት አልዘነጋሁም። በዋናው አዳራሽ እሷን ለማፈላለግ በተሰቀለው ባነር ላይ የእርስዎ ፎቶግራፍ ከእሷ በጥቂቱ ይተልቃል። የጠፋው ማን እንደሆነ ለሰው እንዳይምታታ እሰጋለሁ፤ እኔም ብሆን ሁለታችሁንም ፈልጌ ያጣሁ ሰው ነኝ። ቤተ መጻሕፍቱን ደግሞ ሳላመሰግን አላልፍም፤ የተዋሰችውን መጽሐፍ እንድትመልስ ሦስት ደብዳቤ ጽፎላታል። ከግቢው አጥብቆ የፈለጋት እሱ ብቻ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዘግይቶ የተከፈተው የፖሊስ መዝገብ ዛሬም የሚመራው በእርስዎ ወረቀት ነው፤ የመናኸሪያውን ሾፌሮች የሚጠይቋቸው ስለ ሐሙስ ነው። ሐሙስ አላየናትም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጓደኛዋ ማክሰኞ ነው ብላ ብትመሰክርም፣ በማጭበርበር የተቀጣች ምስክር አንቀበልም አሉ። እንግዲህ የታየችበትን የመጨረሻ ቀን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ የሚያርም አንድ መስመር ይጻፉልን። የተዘጋ መዝገብ እስከ ወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ እንደማይታረም ተነግሮኛል። የሾፌሮቹ ትዝታ እስከዚያ እንዲቆይ በደብዳቤ ቢያዙልንም አይከፋኝም።

የስብሰባዎን መቃናትና የማኅተምዎን ቀለም አለመድረቅ ከልብ የምመኝ፣ መልስዎንም ከበርዎ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የምጠብቅ፣

የአርፋጇ አጎት፣ ሬዲዮ ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከሬጅስትራርዎ አዲስ ወረቀት ደረሰን። በክፍል የተገኘችበት ቀን የሚፈለገውን ያህል ስለሆነ ለፈተና ተፈቅዶላታል፤ የወንበር ቁጥሯ አርባ አንድ ነው። ሰኞ ጠዋት እኔና እናቷ አዳራሹ በር ላይ እንቆማለን። ስሟ ሲጠራ ማንም እንዳይመልስላት አደራዎን፤ እርስዎም ለአምስት ደቂቃ ከስብሰባዎ ወጥተው፣ «አቤት» የሚል ሲጠፋ ከእናቷ አጠገብ ቆመው ይስሙት።