ወገብሽን ለእኔ ተዪልኝ

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬን ከሆድሽ ልጀምር፤ በዚህ ወር ከአንቺ ቀድሞ በበር የሚገባው እሱ ነው። እንዴት ነው፣ ይራገጣል? እግርሽስ አብጧል? የቡልቡላ ሙቀት ያስተኛሻል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። አዳማም ደህና ናት፤ ነፋሷ አቧራውን ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ማመላለሱን አልተወም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳጣኝ ነው። ደብዳቤውን ያሸግኩት ደግሞ የምታመጣልሽ ጓደኛዬ ዙለይካ ስለሆነች ነው።

"ምጤ ሲመጣ ዙለይካ አጠገቤ ትሁን" ማለትሽን ከራሷ አፍ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ከደስታዬ ብዛት እስከ ምሳ ሰዓት አላናገርኳትም። ያስተዋወቅኳችሁ እኔ፤ የወላድ አጋዥነት ሥልጠና ልግባ ያልኩት እኔ፤ እሷ "ብቻሽን ከምትሄጂ" ብላ የተከተለችኝ ናት።

ጎበዝ ናት፣ አልክድም። የወሎ ልጅ አይደለች፤ ሙስሊም ሆና ሳለ ወላድ አጠገብ ስትቆም "ማርያም፣ ማርያም" የምትለው እንደ ቄስ ልጅ ነው። አሰልጣኛችን ሲስተር ገላና "ወላዷ የምትጠራውን አብራችሁ ጥሩ፤ የሃይማኖት ክርክር ከእንግዴ ልጁ በኋላ ይደርሳል" ትለናለች። የጴንጤ ልጅ ነኝና የእኔ አፍ ይያዛል።

ድክመቴ እሱ ብቻ አይደለም። የላስቲክ ሕፃን አለን፤ ለእናትየዋ ማቀበል እንለማመድበታለን። እኔ ተቀብዬ አቅፈዋለሁ፣ ማቀበሉ ነው የሚቀረኝ። "ልቀቂው እንጂ፣ ላስቲክ እኮ ነው" አለችኝ ዙለይካ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሲስተር ገላና ብቻ አልሳቀችም።

ባለፈው ሐሙስ ግን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣች የስፌት ሠራተኛ ደረሰችኝ። ዘመድ የላትም። ክፍሉ ያው እኔ ያማጥኩበት ክፍል ነው፤ አልጋው ብቻ ተቀይሯል። እጄን ጨምድዳ "ጥሪልኝ" ስትለኝ፣ ማርያምን ጠራሁላት፤ አንቺ ያኔ ለእኔ እንደጠራሽልኝ። ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩብሽም፤ አንቺም አትንገሪብኝ። በሰላም ተገላገለች። አዋላጇ ሕፃኗን ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ ወዲያው ለእናቷ አቀበልኩ። እጆቼ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ዙለይካ መጥታ ዝቅ አደረገችልኝ። በዚህም ቀናሁባት።

"እህቴን እንዳላሳዝናት ነው" ብለሻታል አሉ። ገብቶኛል። ግን ያኔ አንቺ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ሰርተፍኬት አጠገቤ ቆመሻል፤ ስንወጣ ቦርሳዬን ያንጠለጠልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔማ የማቅፈው አልነበረኝም። ስለዚህ ከዙለይካ ጋር እመጣለሁ። እጅሽን እሷ ትያዝ። ሕፃኑንም እሷ ታቀብልሽ። ወገብሽን ግን ለእኔ ተዪልኝ፤ ማሸት ላይ እበልጣታለሁ። ደግሞ ከኋላ የቆመ ሰው ፊቱ አይታይም።

ጌታ በሰላም ያገላግልሽ። ማርያምም፣ ከጠራሻት፣ ጭንቅሽን ታቅልልሽ።

ታላቅሽ